ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ታማሚውን እናነጋግረው



በዚህ እትም ያነሳነው ጉዳይ ሲታይ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ግን ሁላችንም ወላጅ፣ አያትና ጎረቤት አለን። ከመካከላችን ጎባ ሆስፒታል ሄዶ ዘመድ ያላስታመመ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሲቪል ምህንድስናውም፣ የእርሻውም፣ የአካውንቲንጉም ተማሪ ጉዳዩን የራሱ አድርጎ እንዲያነብልን እንጠይቃለን።

ጉዳዩ ይህ ነው። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲንና ሞርፊን ከአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎች ናቸው። በሕክምናው ቋንቋ ኦፒዮይድ ይባላሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ከመታዘዛቸው በፊት ታማሚው ምን እንደሚወስድ፣ ለምን እንደሚወስድ፣ ምን ሊደርስበት እንደሚችልና መቼ እንደሚያቆም ሊነገረው ይገባል። አቋማችንን ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ፤ ያለዚህ ምክር የተሰጠ ማዘዣ ያላለቀ ሕክምና ነው። ንግግሩ በሽተኛው የሚጠብቀው ሐቅ ነው፤ ሐኪሙ ጊዜ ሲተርፈው የሚጨምረው ደግነት አድርገን ልናየው አይገባም።

ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች በአንድ ከተማ

የውጭውን ዜና የሚከታተል ሰው ስለ ኦፒዮይድ ሲነሳ ቶሎ የሚታየው አሜሪካ ነው። ልክ ነው፤ እዚያ የደረሰው ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባል መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። የሱስ አደጋውን አሳንሶ እየተናገረ ሐኪሞች በሰፊው እንዲያዙት አደረገ። በ2007 እና በ2020 በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል። በ2021 ብቻ በዚያች ሀገር ከ80,000 በላይ ሰዎች ከኦፒዮይድ ጋር በተያያዘ ከመጠን ያለፈ አወሳሰድ ሞተዋል። የቅርብ ዓመታቱን ሞት ያበዛው በድብቅ የሚመረተው ፈንታኒል ቢሆንም፣ መንገዱን የከፈተው ማዘዣ ነበር። ለታማሚው እውነቱ ሳይነገረው የተጻፈ ማዘዣ።

የእኛ ሀገር ሕመም ግን ሌላም ገጽ አለው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ከዓለም ሕዝብ ድሃው ግማሽ የሚኖርባቸው አገሮች የሚያገኙት ለዓለም ከሚከፋፈለው የኦፒዮይድ ህመም ማስታገሻ 1 በመቶውን ብቻ ነው። ይህ ማለት ካንሰር አጥንቱ ውስጥ የገባበት ሰው በአብዛኛው የዓለም ክፍል በፓራሲታሞል እየተሸነገለ ይሞታል ማለት ነው። በሀገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር እናውቃለን። ከሮቤ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የሚደርስ፣ ወይም መንገዱን ጭራሽ የማይችል ታማሚ የሚቀረው ነገር ቢኖር ህመሙ እንዲቀልለት ማድረግ ነው።

በባሌ ሁለቱም ጥፋቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንድ በኩል ሞርፊን ይፈራል። ቤተሰብ «ይህ የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ ይገድለዋል» ብሎ ጠርሙሱን ይደብቃል፤ ታማሚውም «ሱሰኛ ሆኜ አልሞትም» ይላል። በሌላ በኩል ትራማዶል ይናቃል። ለወገብ ህመምም፣ ለጥርስም፣ ለድካምም እንደ ተራ ክኒን ይዋጣል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ያካፍለዋል። አንዱ መድኃኒት ካለልክ ይፈራል፣ ሌላው ካለልክ ይደፈራል። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳም።

ምን ይነገር?

ምክሩ ረጅም ሌክቸር እንዲሆን አንጠብቅም። ለእኛ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ማዳመጥ ነው። የባሌ አባቶችና እናቶች «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ይህ ምስጋና ነው፤ ሕመም የለም ማለት ግን አይደለም። ካርዱ ላይ «ቅሬታ የለውም» ብሎ ጽፎ የሚያልፍ ተማሪ የሰማው ሌላ፣ የጻፈው ሌላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይለወጥ፦ «ሌሊት አስተኝቶዎት ነበር? ለውዱእ ጎንበስ ማለት ይችላሉ? ህመሙ ከአሥር ጣት ስንት ጣት ይሆናል?» ከዚህ በፊት በጫት፣ በአልኮል ወይም በሌላ ነገር ችግር ነበረባቸው ወይ የሚለውም በአክብሮትና ለብቻ ይጠየቅ። በአስታማሚዎች ፊት የተጠየቀ ሰው እውነቱን አይናገርም።

ሁለተኛው ዓላማውንና ጊዜውን መናገር ነው። ለስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ከሆነ ለጥቂት ቀናት መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር። ለካንሰር ህመም ከሆነ ነገሩ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ህመም ማስታገሻ የሚወሰደው በሰዓቱ ነው፤ ህመሙ ተመልሶ እስኪያስጮህ አይጠበቅም። ይህን ያልተነገረው ታማሚ «ሲብስብኝ እወስደዋለሁ» እያለ ሌሊቱን በስቃይ ያድራል።

ሦስተኛው ሱስን በተመለከተ እውነቱን መለየት ነው። መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቆም ላብ፣ ቁርጠትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ይህ በራሱ ሱስ አይደለም፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ በመቀነስ ይታለፋል። ሱስ የሚባለው ጉዳት እያደረሰም ቢሆን ሰውየው መድኃኒቱን ከመፈለግና ከመውሰድ መቆጠብ ሲያቅተው ነው። ይህም ይደርሳል፤ አይደርስም ብሎ መዋሸት አይገባም። በሞት አልጋ ላይ ያለ የካንሰር ታማሚና ወገቡን ለሁለት ዓመት ያመመው የባጃጅ ሹፌር ግን አንድ ዓይነት ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

አራተኛው የሚያጋጥሙ ነገሮች ናቸው። የሆድ ድርቀት የማይቀር ያህል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ውኃና ማለስለሻ አብሮ ይታሰብ። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ይኖራል፤ በእነዚያ ቀናት ሞተር፣ ባጃጅም ሆነ ኮምባይነር መንዳት አይቻልም። ከአልኮል፣ ከዲያዜፓምና ከመሰል የሚያስተኙ መድኃኒቶች ጋር ሲደመር ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ታማሚው ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ከሆነ ቤተሰቡ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ማምጣት አለበት። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ የደረሰን ሰው ነው።

አምስተኛው የመድኃኒቱ አያያዝ ነው። በቤታችን ክኒን በፌስታል ተቋጥሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም ትራስ ሥር ይቀመጣል። ለአዋቂ የታዘዘ ፍሬ ለሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል። የተረፈውን ለጎረቤት መስጠት ኸይር ሥራ ይመስላል፤ እህልና ወተት ማካፈል ኸይር ነው፤ ይህን ማካፈል ግን የማናውቀውን ሰው ሰውነት መሞከር ነው። የተረፈው ወደተገዛበት ፋርማሲ ይመለስ።

ኢትዮጵያውያንን ለይቶ የሚመለከት ነገር

ምክሩን ከፈረንጅ መጽሐፍ ገልብጠን የምንነግርበት ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ኮዴይንና ትራማዶል በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ወደ በረታ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ። ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚለወጠውም በዚሁ መንገድ ነው። አንዳንድ ሰዎች የዚህ ኢንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ ስላላቸው ልወጣው በጣም ይፈጥንባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ሰዎች 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ተጨማሪ ቅጂ እንደተሸከሙ አሳይቷል። ይህ ከሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች እጅግ የበለጠ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች ይጎዳሉ ማለት አይደለም። ግን ለአንዱ የበቃ መጠን ለሌላው ሊበዛ ይችላል ማለት ነው፤ ማን የትኛው እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለው፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ አካባቢ በቀዶ ሕክምና ወልዳ የምታጠባ እናት ብዙ ናት። «ልጅሽን ታጠቢያለሽ?» ብሎ መጠየቅ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ቢያንቀላፋ፣ ጡት መጥባት ቢያቅተው ወይም ትንፋሹ ቢቸገር ምን ማድረግ እንዳለባት ካልተነገራት፣ «ዛሬስ ደህና ተኛልኝ» ብላ አልሐምዱሊላህ ልትል ትችላለች።

ረመዳንና ክኒኑ

ይህኛው ከማንም በላይ የእኛ ኃላፊነት ነው። ትራማዶል በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ እንዲወሰድ ሊታዘዝ ይችላል። ታማሚው ግን ይጾማል፤ ለሐኪሙም አይነግረውም፣ ሐኪሙም አይጠይቀውም። መግሪብ ሲደርስ የቀኑን ያመለጠ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይውጠዋል፤ ሱሑር ላይ ደግሞ ይደግመዋል። ትራማዶል በታዘዘው ልክም ቢሆን አንዳንድ ሰው ላይ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ መጠኑ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። ለጤናማ አዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ለአዛውንትና ለኩላሊት ታማሚ ከዚያም ያነሰ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። «ይጾማሉ?» የሚለው ጥያቄ ከማዘዣው በፊት ይምጣ። መልሱ አዎ ከሆነ ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ወይም ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ያዝዛል። እሱ ደግሞ ሳይሰበርና ሳይፈጭ መዋጥ እንዳለበት ይነግራል። ሕመሙ ጾምን የማያስችል ከሆነ ለታመመ ሰው ሸሪዓ የሰጠው ሩኽሳ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ለአባቶቻችን ማስታወስ የሚቀለው ከኢማሙ አፍ ሲሆን ነው።

«ሐራም አይደለም ወይ?»

ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ዓሊሞቹ ይሂድ። ነገር ግን በዋርድ የሚሰማው ጥርጣሬ ሳይመለስ እንዲያድር አንፈልግም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም «ናርኮቲክ» የሚለው ቃል ሲተረጎም «የሚያደነዝዝ» ይሆናል። ይህን የሰማ ሙስሊም ታማሚ ከአስካሪ ነገር ጋር ቢደምረው አይፈረድበትም። በሐኪም የተለካ፣ ለእውነተኛ ህመም የታዘዘ መድኃኒት ለስካር ከሚወሰድ ነገር የተለየ እንደሆነ፣ ዶሩራም በሸሪዓ ትልቅ ቦታ እንዳለው ብዙ ዑለሞች ያስተምራሉ። የሙስሊም ሐኪሞች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ኢብን ሲና በአል-ቃኑን መጽሐፉ ኦፒየምን ህመምን ከሚያደነዝዙት ነገሮች ብርቱው አድርጎ ጠቅሶታል፤ አደጋውንም አብሮ አስጠንቅቋል። ከሺህ ዓመት በፊት መድኃኒቱንና ማስጠንቀቂያውን አንድ ላይ የጻፈ ሐኪም ነበረን። ዛሬ ሁለቱን የምንለያይበት ምክንያት የለም።

ሶብርም ቢሆን መድኃኒትን እምቢ ማለት አይደለም። ህመሙ የቀነሰለት ሰው ሶላቱን በአግባቡ ይሰግዳል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል፣ ዕዳውንና ኑዛዜውን ይናገራል። በህመም የሚጮህ ሰው ግን ከሁሉም ይለያል።

የተገላቢጦሹንም በግልጽ እንናገር። ህመም ሳይኖር ትራማዶል ለምርቃና፣ ለንባብ ወይም ከጫት ጋር የሚወስድ ተማሪ ከላይ ያነሳነው ሩኽሳ አይመለከተውም። ጫቱ የሚያነቃ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ድንዛዜ ይሸፍንለታል፤ ሰውየው ደህና የሆነ ይመስለዋል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ወድቆ ይንፈራገጣል። በዚህ የተያዘ ወንድም ወይም እህት ካለ መደበቅም ማዋረድም አይጠቅምም፤ አብረነው ወደ ሐኪም እንሂድ።

«ጊዜ የለም» ለሚሉን

ይህ ክርክር ተራ ሰበብ አይደለም። በተመላላሽ ክፍል ከደጅ እስከ ደጅ ሰልፍ አለ፤ አንዱ ሐኪም በአንድ ጠዋት የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ከደሎ መና ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ማታ የሚመለስበት መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ሌሎች ደግሞ «ስለ ሱስ ካወራን ጭራሽ አይወስዱትም» ይላሉ።

ለመጀመሪያው መልሳችን ምክሩን አንድ ሰው ብቻ ይሸከመው አላልንም የሚል ነው። ሐኪሙ ዓላማውንና ጊዜውን ይናገር፤ ነርሷ ስለ ህመሙ መጠንና ስለ ጾም ትጠይቅ፤ ፋርማሲስቱ አወሳሰዱን፣ አያያዙንና የአደጋ ምልክቶቹን ያስረዳ። ሦስቱ ተደምረው ከአምስት ደቂቃ ብዙ አያልፉም። ተመልሶ በድርቀት፣ በመውደቅ ወይም በመንፈራገጥ የሚመጣ ታማሚ የሚወስደው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ለሁለተኛው ደግሞ ሰው የሚፈራው ያልተነገረውን ነው እንላለን። ከጎረቤት የሰማው ወሬ «ሞርፊን የሞት መርፌ ነው» ይላል፤ ያንን ወሬ ሊመክት የሚችለው ከሐኪሙ የሚሰማው ትክክለኛ ንግግር ብቻ ነው።

ዝምታችን የሕግ ድጋፍም የለውም። ኢትዮጵያ የገባችበት የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ለህመም ማስታገሻ አስፈላጊ መሆናቸውን፣ ሱስም አደጋ መሆኑን አብሮ ይቀበላል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። በአዲስ አበባ በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የካንሰርና የኤች.አይ.ቪ ታማሚዎችን በቤታቸው እየጎበኘ ሲረዳ ቆይቷል። ሐሳቡ በሀገራችን አዲስ አይደለም። የጎደለው በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ የሚደረገው ንግግር ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች፦ ራውንድ ላይ «ለታማሚው ምን ተነገረው?» የሚለውን ጥያቄ አንሱ። ካስረዳችሁ በኋላ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጨርሱ፤ ሁሉም ገባኝ ይላል። «አባቴ፣ ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» በሏቸው። መልሱን ስትሰሙ ምን እንደገባቸው ታውቃላችሁ።

አፋን ኦሮሞ ለምትችሉ፦ በዋርዱ የሚተኛው አብዛኛው ሰው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስበው፤ ማዘዣው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ማብራሪያው አንዳንዴ በአማርኛ ይሰጣል። በሁለት ቋንቋ ያለፈ ምክር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ቋንቋውን የማይችል የክፍል ጓደኛችሁን እርዱ። ስታስተረጉሙ ግን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ይሁን፤ የሰማችሁትም ከዋርዱ አይውጣ። አማና ነው።

ለኢማሞቻችንና ለኡስታዞቻችን፦ ከረመዳን በፊት ባለው አንድ ጁሙዓ ለታማሚዎች ሦስት ነገር እንድታስታውሱልን እንጠይቃለን። የሚጾሙ መሆናቸውን ለሐኪም ይንገሩ፣ ያመለጣቸውን ክኒን በአንድ ጊዜ አይውሰዱ፣ መድኃኒታቸውን ለሌላ አይስጡ።

ለሁላችንም፦ ለእረፍት ወደ ጊኒር፣ ወደ አጋርፋ፣ ወደ ዲንሾም ሆነ ወደየትም ስንሄድ ቤት ውስጥ የተሰቀለውን የመድኃኒት ፌስታል እንፈትሽ። ከሕፃናት እናርቀው። አያታችን ምን እንደሚወስዱና ለምን እንደሚወስዱ እንጠይቃቸው። ካላወቁት ማንም አልነገራቸውም ማለት ነው፤ ማዘዣውን ይዘን ወደ ፋርማሲ አብረናቸው እንሂድ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያን፣ ለሚያክሟቸውም ትዕግሥትንና ጥንቃቄን ይስጥልን። አሚን።